ከድሬዳዋና ከሐረር ሰማይ ሥር፦ ተወርዋሪ ኮከብና የእሳት ኳስ እንዴት ይታያል፣ እንዴት ይመዘገባል፣ ለማን ይነገራል

እ.ኤ.አ. በ1981 ከሐረር በስተ ምሥራቅ በምትገኘው ጉርሱም ከሰማይ ድንጋይ ወርዷል። ክብደቱ ከ34 ኪሎ ተኩል ይበልጣል። በዓለም አቀፉ የሚቲዮራይት (ከሰማይ የወረዱ ድንጋዮች) መዝገብ ላይ የወረደበትን አገር ስም ይዞ «ጉርሱም» ተብሎ ሰፍሯል፤ የተመደበውም ሲወድቅ ታይተው ከተሰበሰቡት ጋር ነው። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ሰማዩን የሚያይ ሰው የሩቅ አገር ነገር እየተመለከተ አይደለም። እዚሁ ደጃችን የሆነ ነው፤ ደግሞም ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የምስክር ማነስ አይደለም። ደማቅ ብርሃን ሰማዩን አቋርጦ ባለፈ ማግስት በድሬዳዋ ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን፣ በሐረር ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር ወሬው አንድ ነው። ግን «የት ቆመህ አየኸው? ከየት ተነሥቶ የት ጠፋ? ስንት ሰዓት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ስለማይኖር ወሬው በሦስተኛው ቀን ወሬ ሆኖ ይቀራል። አንድ ሰው ብቻውን ያየው ብርሃን ከፍታውም ርቀቱም አይታወቅም። ድሬዳዋ የቆመ አንድ ሰውና ሐረር የቆመ አንድ ሰው አቅጣጫውን በጥንቃቄ ከያዙ ግን ብርሃኑ የሄደበት መንገድ በካርታ ላይ ይሰመራል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚያ ነው። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ ዓይን፣ እጅ፣ ስልክና ደብተር ይበቃሉ።

የሚታየው ነገር ምንድን ነው?

ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ኮከብ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል የጅራታም ኮከብ ወይም የአስትሮይድ ፍርፋሪ ናት። በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየበረረች ከባቢ አየር ውስጥ ስትገባ ከፊቷ ያለው አየር ይታመቅና ይግላል፤ እሷም ቀልጣ ትተናለች። የምናየው ብርሃን ያ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሆነውም ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

የእሳት ኳስ የሚባለው ከቬነስ፣ ማለትም ከአጥቢያ ኮከብ የበለጠ የደመቀው ነው። ጥላ እስኪጥል የሚያበራ አለ፤ መጨረሻው ላይ ፈንድቶ የሚበታተንም አለ። ከእሳቱ ተርፎ መሬት የሚደርሰው ድንጋይ ሚቲዮራይት ይባላል።

ሌሊቱን መምረጥ

ተወርዋሪ ኮከብ በማንኛውም ጥርት ያለ ሌሊት ይታያል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይበዛል፤ በዚያ ሰዓት እኛ ያለንበት የምድር ገጽታ ምድር በምትጓዝበት አቅጣጫ ስለሚዞር ፍርፋሪውን ፊት ለፊት እንገጥመዋለን። ቢሆንም በየዓመቱ ተመላልሰው የሚመጡ የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናቦች አሉ፤ ለጀማሪ የሚሻለው እነሱን መጠበቅ ነው።

ለእኛ አገር ከሁሉም የሚበልጠው በታኅሣሥ 4 ምሽት ለ5 አጥቢያ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ነው (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 13 ለ14)። ጀሚኒድስ ይባላል፤ ኮከቦቹ በቆጠራ ገውዝ ከምንለው የኮከብ ስብስብ የሚፈልቁ ይመስላሉ። ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1983 የተገኘው ፋኤቶን የሚባል አስትሮይድ ነው። ወቅቱ በጋ ስለሆነ ሰማዩ ይጠራል። መነሻ ነጥቡ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ በምሥራቅ በኩል በደንብ ከፍ ይላል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አናታችን አጠገብ ይደርሳል። ፍጥነቱ በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ዓይን ይከተለዋል፤ ደማቁም ብዙ ነው። በዓመት አንድ ሌሊት ብቻ እንቅልፍ የምታጡ ከሆነ ይህን ሌሊት ምረጡ።

ሁለተኛው የድል ቀን ሰሞን፣ ሚያዝያ 27 እና 28 ላይ የሚመጣው ኤታ አኳሪድስ ነው። የሃሌይ ጅራታም ኮከብ የጣለው ፍርፋሪ ነው፤ በሰከንድ 66 ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ ከኋላው ለጥቂት ሰከንድ የሚቆይ ጭረት ይተዋል። አውሮፓ ያሉት ይህን ዝናብ በቅጡ አያዩትም፤ መነሻው በሰማይ ወገብ ላይ ስለሆነ ለእኛ ያደላል። ሰዓቱ ግን ያስቸግራል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ድሬዳዋ በዚያ ወቅት ሙቀቱ ከቤት ስለሚያስወጣ ግቢ ውስጥ የሚያድር ሰው ጥቂት ቀደም ብሎ መንቃት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበል። ጥቅምት 11 አካባቢ ኦሪዮኒድስ አለ፤ እሱም የሃሌይ ነው። ኅዳር 8 አካባቢ ሊዮኒድስ አለ፤ በአብዛኛው ዓመት ጥቂት ነው። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ የሚመጣው ቶሪድስ በቁጥር አነስተኛ ቢሆንም ዘገምተኛና ደማቅ የእሳት ኳሶች ስለሚያመጣ ችላ አትበሉት። በዓለም ዝነኛው ፐርሴይድስ ነሐሴ 6 እና 7 ላይ ነው የሚውለው፤ በእኛ ዘንድ ክረምት ነው፣ መነሻውም ወደ ሰሜን ዝቅ ያለ ነው። ደመናው ከተገለጠ ንጋት ሲቃረብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተመልከቱ፤ ካልተገለጠም አትዘኑ።

ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት የእኛ ቀኖች በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ጀሚኒድስ ያን ጊዜ ለታኅሣሥ 4 አጥቢያ ይሆናል። ጨረቃንም አስቡ። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ደብዛዛዎቹ ሁሉ ይጠፋሉ፤ የእሳት ኳስ ግን ጨረቃን አይፈራም።

ቦታ

ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር፣ ሐረር በ1,880 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የሐረር አየር ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው፤ የድሬዳዋ ጥቅም ደግሞ በሰሜን በኩል ሜዳው መከፈቱ ነው። ከሺኒሌ ወዲያ ያለው አድማስ እስከ ታች ይታያል። በደቡብ ግን ተራራው ይሸፍናል።

ሩቅ መሄድ ግድ አይደለም። የመንገድ መብራት በቀጥታ ዓይን ውስጥ የማይገባበት ጣሪያ ወይም ግቢ ይበቃል። ከሰማዩ ቢያንስ ግማሹ ይታያችሁ፤ መብራቱን በግድግዳ ወይም በተሰቀለ አንሶላ ጋርዱት። ከከተማ ወጣ ካላችሁ የሚያውቋችሁ ሰዎች ያሉበት መንደር ሂዱ፤ ለአካባቢው ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ብቻችሁን አትሁኑ። ሌሊት ባትሪ ይዞ ማሳ ዳር የሚተኛ እንግዳ ሰው የጫት ጠባቂን ያስደነግጣል።

ሐረር ላይ ደግሞ ጅብ አለ። በጀጎል ግንብ ዙሪያ ሰውን የለመደ ጅብ መኖሩ እውነት ነው፤ ሰው የለመደ ማለት ግን ከቤት ውጭ መሬት ላይ ተኝቶ ለሚያንቀላፋ ሰው አያሰጋም ማለት አይደለም። ከግንቡ ውጭ መሬት ላይ አትተኙ፤ ጣሪያ ላይ ወይም በአጥር ውስጥ ሁኑ። ድሬዳዋ ላይ የሚያሰጋው ትንኝ ነው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ሌሊት ስለሆነ እጅጌ ረጅም ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። ታኅሣሥ ሐረር ላይ ጋቢ አንድ ብቻ አይበቃም።

መተኛትና ማየት

ፍራሽ ወይም ምንጣፍ አንጥፋችሁ በጀርባ ተኙ። ቆሞ ወደ ላይ ማየት አንገት ያደክማል፤ ሰው ቶሎ ይተወዋል። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በመካከል አንድ ጊዜ የስልክ ስክሪን ካያችሁ ያው ከመጀመሪያ ይጀመራል። ለመጻፍ የምትጠቀሙበትን ባትሪ በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኑት።

መነሻ ነጥቡን አተኩራችሁ አትዩ። እዚያ አጠገብ የሚታዩት አጫጭር ናቸው። ከአድማስ እስከ አናት ባለው ከግማሽ በላይ ወደሆነው ከፍታ፣ ከመነሻው ትንሽ ወደ ጎን ዓይናችሁን ለቀቅ አድርጉት። በቡድን ከሆናችሁ ሰማዩን ተከፋፈሉት፤ አንዱ ሰሜንን፣ አንዱ ምሥራቅን ይያዝ። አንድ ሰው ጸሐፊ ይሁን፤ ሌሎቹ ባዩ ቁጥር ይናገሩ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰዓት ቆዩ፤ የሚመጡት እኩል ተራርቀው ስላልሆነ ለሩብ ሰዓት ምንም ሳይታይ ቆይቶ በአንድ ደቂቃ ሦስት ሊከታተል ይችላል።

አቅጣጫና ከፍታ በእጅ መለካት

የመመሪያው ልብ እዚህ ጋ ነው፤ ቀን ላይ ተለማመዱት።

አቅጣጫን ለማወቅ የስልክ ኮምፓስ አለ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ መኪናና የአርማታ ብረት አጠገብ ግን ይሳሳታል። ስለዚህ በማይንቀሳቀስ ነገር አረጋግጡት። እዚህ አገር በየሰፈሩ ያለ አስተማማኝ ምልክት መስጊድ ነው። ከድሬዳዋም ከሐረርም መካ የምትገኘው ወደ ሰሜን ነው፤ ከትክክለኛው ሰሜን ወደ ምዕራብ የሚያዘነብለው 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የመስጊዱ ቂብላ የሚያመለክትበትን ጎን ካወቃችሁ ሰሜንን አገኛችሁ። ድሬዳዋ ላይ ሌላም አለ፤ የደቻቱ ወንዝ ከደቡቡ ተራራ ወደ ሰሜኑ ሜዳ ይወርዳል፤ የከዚራ ሰፈር በምዕራቡ፣ የመጋላ ሰፈር በምሥራቁ ዳር ናቸው። ሐረር ላይ ፈላና በር ሰሜን፣ ኤረር በር ምሥራቅ፣ ሸዋ በር ምዕራብ፣ ሐኪም ተራራ ደቡብ ነው።

ከፍታን በእጅ ለኩ። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ስትጨብጡ የጡጫው ስፋት በሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። አንድ ስንዝር፣ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ፣ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ሕፃኑም ትልቁም ክንዱና እጁ ስለሚመጣጠን ልኬቱ ብዙ አይለያይም። ከአድማስ ተነሥታችሁ ጡጫ በጡጫ ላይ ብትደራርቡ ዘጠነኛው ላይ አናት ትደርሳላችሁ። መፈተኛውም ሰማይ ላይ አለ፤ የሰሜን ኮከብ ከእኛ አካባቢ ከአድማስ በላይ አንድ ጡጫ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከድሬዳዋ ሰሜናዊ ዳር ሆናችሁ ፈልጉት።

አሁን ይህ ለምን እንደሚጠቅም ላሳያችሁ። ድሬዳዋና ሐረር በመኪና መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ በቀጥታ መስመር ግን 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። አንድ የእሳት ኳስ ጠፋ እንበል። ድሬዳዋ ያለው ሰው «ልክ አናቴ ላይ ጠፋ» ይላል። ሐረር ያለው ሰው «ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ አራት ጡጫ ተኩል ከፍ ብሎ ጠፋ» ይላል። አራት ጡጫ ተኩል 45 ዲግሪ ነው፤ በ45 ዲግሪ ደግሞ ከፍታና ርቀት እኩል ናቸው። ስለዚህ ብርሃኑ የጠፋው ከድሬዳዋ በላይ በ42 ኪሎ ሜትር ከፍታ ነው ማለት ነው። ሐረር ያለው ሰው ስድስት ጡጫ ተኩል ቢል ኖሮ ከፍታው 90 ኪሎ ሜትር ይሆን ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ 90 ላይ የጠፋ ነገር ተቃጥሎ አልቋል፤ ወደ 40 እና ከዚያም በታች ወርዶ የጠፋ ግን ድንጋይ ጥሎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ከተሞቻችን ለዚህ ሥራ ልክ የሆነ ርቀት ላይ ነው የተቀመጡት። ሐረር ዘመድ ያለው የድሬዳዋ ሰው፣ ድሬ ዘመድ ያለው የሐረር ሰው ብዙ ነው፤ ለጀሚኒድስ ሌሊት ሁለት ቡድን አዘጋጁ፣ አንድ አንድ ቤት ላይ።

የእሳት ኳስ ድንገት ቢመጣ

ይህ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው፤ ቡና ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ከመስጊድ ሲወጣ። አንዱ ዱዓ ያደርጋል፣ አንዱ ያማትባል፤ ሁለቱም ደግ ነው። ከዚያ ግን እግራችሁን ከቆማችሁበት አታንሡ።

ብርሃኑ ሳለ ዓይናችሁ ከቤት ጣሪያ፣ ከምሰሶ፣ ከሚናራ፣ ከዛፍ ጫፍ ጋር ያያይዘው፦ ከየትኛው በላይ ተነሣ፣ ከየትኛው አጠገብ ጠፋ። ስልክ ለማውጣት ከኪስ ጋር መታገል አያዋጣም፤ አብዛኛው የእሳት ኳስ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያልፋል። ስልኩ ቀድሞውንም እጃችሁ ላይ ከሆነና እየቀረጻችሁ ከነበረ ብቻ ቀጥሉ።

እንደጠፋ የስልካችሁን ሰዓት ስክሪን ቅረጹ፤ ከኔትወርክ የሚመጣው ሰዓት ትክክል ነው። ከዚያ ቁጠሩ፤ ድምፅ ሊከተል ይችላል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ከ40 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተነሣ ፍንዳታ የሚሰማው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ አዳምጡ፤ ነጎድጓድ የመሰለ ከተሰማ ከብርሃኑ ስንት ሰከንድ በኋላ እንደሆነ ጻፉ። በዚያው ቅጽበት፣ ከብርሃኑ ጋር አብሮ «ሽሽ» የሚል ድምፅ የሰማ ሰው ካለም ሳያፍር ይጻፈው፤ ከብዙ አገር ምስክሮች የተመዘገበ ነገር ነው።

አንድ የደኅንነት ነገር በጥብቅ ልናገር። ብርሃኑ እንደ ቀን ካበራ ወደ መስኮት አትሩጡ፤ ልጆችንም ከመስታወት አርቁ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ላይ 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ አየር ላይ ሲፈነዳ ወደ 1,500 ሰው ተጎድቷል። አብዛኛውን የጎዳው ድንጋዩ አይደለም፤ የመስታወት ስብርባሪ ነው። ብርሃኑን አይተው መስኮት ላይ የቆሙትን የፍንዳታው የአየር ሞገድ ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደርሶ መታቸው።

«ከኮረብታው ጀርባ ወደቀ» የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ከደንገጎ ጀርባ የወረደ የሚመስለው ብርሃን ከአድማስ በላይ አንድ ጡጫ ላይ ከጠፋና ከፍታው 40 ኪሎ ሜትር ከነበረ፣ ከእናንተ የሚርቀው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደግሞም ድንጋዩ ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ የቀረውን መንገድ የሚወርደው ጨልሞ ነው። እስከ መሬት እየነደደ የወረደ ብርሃን አየሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያየው ርችት ወይም ሌላ ነገር ነው።

ሌላ ነገር እንዳይሆን

ወደ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ አውሮፕላን የማረፊያ መብራቱን ወደ እናንተ ሲያዞር ለደቂቃዎች ያለ እንቅስቃሴ የቆመ ደማቅ ብርሃን ይመስላል። ሳተላይት ብልጭ ሳይል እኩል በሆነ ፍጥነት ሰማዩን በደቂቃዎች ያቋርጣል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ተሰልፈው የሚሄዱ የስታርሊንክ ሳተላይቶች ብዙ ሰው እያስደነገጡ ነው።

በጣም የሚያሳስተው የጠፈር ቁርጥራጭ ነው። የሮኬት ወይም የሳተላይት ስብርባሪ ሲመለስ ፍጥነቱ በሰከንድ 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ዝግ ይላል፤ ብዙ ቁራጭ ሆኖ አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊታይ ይችላል። የእሳት ኳስ ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ የቆይታ ጊዜው ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በኬንያ ሙኩኩ መንደር 500 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቋል፤ የሰው እጅ የሠራው ነው። የቆይታውን ጊዜ ለመያዝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ያያችሁትን በሐሳብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደግማችሁ እዩ፣ በስልክ ሰዓት መቁጠሪያም ለኩት። «ረጅም ነበር» ከሚል ቃል «4 ሰከንድ» የሚል ቁጥር ይሻላል።

ሰዓትና ቀን መቀየር

እኛ አገር ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተለያየ አገር ምልከታ የሚነጻጸረው በዓለም ሰዓት (ዩቲሲ) ነው፤ እኛ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እንደገና አንድ ብለን እንጀምራለን። ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ በእኛ የምሽትና የሌሊት ሰዓት ላይ 15 ደምሩ። ምሽት 2 ሰዓት 17፡00 ይሆናል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ15 ደግሞ 23፡15። ከ24 ካለፈ 24 ቀንሱ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል 25፡30 ይመጣል፣ ማለትም 1፡30። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩልን ግን እንደ 0፡30 ቆጥራችሁ ነው የምትደምሩት።

ቀኑም አብሮ ይስተካከል። ከምሽት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያለው ሁሉ በዓለም ሰዓት የምሽቱን የፈረንጅ ቀን ይይዛል፤ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ያለው የማግስቱን። ለታኅሣሥ 5 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ15 የታየ፣ በዓለም ሰዓት ዲሴምበር 13፣ 23፡15 ነው። በደብተራችሁ ላይ ግን መጀመሪያ በእኛው አቆጣጠር እንዳያችሁት ጻፉ፣ «ማታ» ወይም «ለ5 አጥቢያ» ብላችሁ። ቅየራውን ከሥሩ። ሁለቱ ካሉ ስህተት ሲገኝ ይታረማል።

ምስክር መሰብሰብ

ማግስቱን ጠዋት ውጡ። ሌሊት የሚነቁ ሰዎች ማን እንደሆኑ ድሬና ሐረር የኖረ ያውቃል፦ የሆቴልና የመጋዘን ጥበቃዎች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ ወደ አወዳይ ጫት የሚያመላልሱ ሾፌሮች፣ ለሱቢ ሶላት ወይም ለማሕሌት የተነሡ አባቶች። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ፣ ሰውየው በሚቀናው ቋንቋ ይናገር።

መልሱን አፉ ውስጥ አታስገቡለት። «አረንጓዴ ነበር አይደል?» ካላችሁት «አዎ» ይላችኋል። «አባ፣ ትናንት ማታ ምን አዩ?» ብላችሁ ጠይቁና ጨርሰው እስኪናገሩ ጠብቁ። ከዚያ የቆሙበት ቦታ ድረስ አብራችሁ ሂዱ፤ በእጃቸው መነሻውንና መጨረሻውን ያመልክቱ፤ እናንተ ደግሞ በኮምፓስና በጡጫ ለኩ። ቦታውን በስልክ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉበት። እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ጠይቁ፤ ሦስት ሰው አንድ ላይ ከተጠየቀ የመጀመሪያው ያለውን ነው ሁለቱ የሚደግሙት።

የሱቅና የሆቴል የደኅንነት ካሜራ ትልቅ ሀብት ነው፤ ግን ቆይቶ ራሱን በራሱ ይሰርዛል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ባለቤቱን በትሕትና ለምኑ። የካሜራው ሰዓት ከስልካችሁ ሰዓት ስንት ደቂቃና ሰከንድ እንደሚለይ መዝግቡ። ቪዲዮውን ዋናውን ፋይል ውሰዱ፤ በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ብዙ ነገር ይጎድለዋል።

እንዲህ ያለ ሥራ ምን እንደሚያመጣ ጎረቤታችን ሱዳን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2008፣ ከአንድ ቀን በፊት ገና ጠፈር ላይ ሳለ የታየ ትንሽ አስትሮይድ በኑቢያ በረሃ ላይ ፈነዳ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙአውያ ሻዳድና የሚቲዮር ተመራማሪው ፒተር ጄኒስከንስ የዓይን ምስክሮችን አነጋግረው፣ ከዚያ ተማሪዎችን በሰልፍ አሰማርተው በረሃውን አሰሱ። ወደ 600 የሚጠጉ ቁርጥራጮች ተገኙ፤ ስማቸውም በአቅራቢያው ካለው ባቡር ጣቢያ አልማሃታ ሲታ ተባለ።

ማሳወቅ

የዓለም አቀፉ የሚቲዮር ድርጅት በድረ ገጹ ላይ ማንም ሰው በነፃ የሚሞላው የእሳት ኳስ ቅጽ አለው። የቆማችሁበትን ቦታ፣ ሰዓቱን፣ የመነሻና የመጨረሻ አቅጣጫና ከፍታ፣ ቆይታ፣ ድምቀት፣ ቀለም፣ መበታተንና ድምፅ ይጠይቃል፤ ከላይ የጻፋችሁት ሁሉ ቦታ አለው። ድምቀቱን ከምታውቁት ጋር አነጻጽሩ፦ እንደ አጥቢያ ኮከብ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ፣ እንደ ሙሉ ጨረቃ። ያልያዛችሁትን ባዶ ተዉት፤ በግምት አትሙሉ። እያንዳንዱ ምስክር የራሱን ቅጽ ይሙላ፤ አሥር ሰው ያየውን በአንድ ቅጽ ማጠቃለል ስሌቱን ያበላሻል። በአገር ውስጥ ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ወይም ለኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ አሳውቁ።

ድንጋይ ከተገኘ

በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። በምሥራቁ አገር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከባድ ጦርነት ተደርጓል። መሬት ላይ የምታዩት ዝገት የያዘ ብረት ያልፈነዳ ጥይት ወይም ቦምብ ሊሆን ይችላል። የብረት ቅርጽ ያለው፣ ክብ የተቀረጸ፣ ጥርስ ወይም ክንፍ ያለው ነገር አትንኩ፤ ለፖሊስ ንገሩ።

አዲስ የወደቀ ሚቲዮራይት ቀጭን ጥቁር ቅርፊት አለው፤ የተሰበረ ጎኑ ውስጡን ብዙውን ጊዜ ቀለል ባለ ግራጫ ያሳያል። ጠርዙ ሾጣጣ አይደለም፤ ለስለስ ብሎ የቀለጠ ነው። ላዩ በሸክላ ጭቃ ላይ አውራ ጣት የተጫነበት ይመስላል። እኩል መጠን ካለው ተራ ድንጋይ ይከብዳል። የጉርሱሙ ዓይነት፣ ኤች ከሚባለው ክፍል የሆነው፣ ብረት ስላለበት የኮምፓስ መርፌ ይስባል። ግለቱን አትጠብቁ፤ በመጨረሻ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ስለሆነ ሣር አያቃጥልም።

የሚያሳስቱንም አሉ። ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው። ድሬዳዋ ላይ የባቡር ጋራዥ ከተማ እንደመሆኗ የብረት ዝቃጭና የቀለጠ ብረት በየቦታው ይገኛል፤ እሱም ማግኔት ይስባል። ከሲሚንቶ ፋብሪካ መኪና የሚንጠባጠበው ክሊንከር ጥቁር ግራጫ ክብ ድንጋይ መሳይ ነው፤ ሲነሣ ግን ቀላል ነው።

የመሰላችሁ ከተገኘ ሳታነሡት ከአጠገቡ ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡ፤ ቦታውን በስልክ ካርታ ያዙ፤ የመሬቱን ባለቤት አስፈቅዱ። በንጹሕ ፕላስቲክ ከረጢት ወይም በአልሙኒየም ፎይል አንሡት። አትጠቡት፣ አትስበሩት፣ አሲድ አታፍስሱበት፣ ማግኔት አትለጥፉበት፤ ጠንካራ ማግኔት ድንጋዩ ከጠፈር ይዞት የመጣውን መግነጢሳዊ መረጃ ይደመስሳል። ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ትምህርት ቤት ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ጂኦሎጂስት አሳዩ።

ገዢ ነኝ የሚል ሰው ቶሎ ሊመጣ ይችላል። በሶማሊያ ኤል አሊ አጠገብ ያለውን 15 ቶን የሚመዝን የሰማይ ብረት ግመል አርቢዎች ለትውልዶች ያውቁት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ ካወቀው በኋላ ከናሙናው በምድር ላይ በተፈጥሮ ያልታዩ ማዕድናት ተገኙበት፤ ድንጋዩ ራሱ ግን ከአገሩ ወጥቷል። ስለዚህ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት በሚዛን መዝኑ፣ ከስድስቱም ጎን ፎቶ አንሡ፣ ለተቋም ስታስረክቡም ክብደቱና ፎቶው ያለበት የተፈረመ ደረሰኝ ያዙ። ስም ተሰጥቶት በመዝገብ እንዲገባ ከድንጋዩ 20 ግራም ወይም 20 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ በታወቀ ተቋም መቀመጥ አለበት፤ የቀረው የት እንደሚሆን የምትነጋገሩት ይህ ከተጻፈ በኋላ ነው።